ሦስት ክሬዲትና አርባ ሰባት እንግዳ

ቴጋል፣ ጁን 2 ቀን 1988 (እ.ኤ.አ.)

ይድረስ ለልጄ ለጉሪትኖ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጉልበቴና ከጎረቤታችን ከራትሚ በቀር የሚያመኝ የለም፤ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ይቅርታ ጠይቀኸኛል፤ የምን ይቅርታ እንደሆነ ግን አልጻፍክም። እኔ ለማንኛውም ይቅር ብያለሁ። ጥፋቱን ስታስታውሰው ጻፍልኝ።

ለምረቃዬ ስንት ሰው ይዘው ይመጣሉ ላልኸኝ፣ እኔን ጨምሮ አርባ ሰባት ነን። አትደንግጥ፤ መጀመሪያ ስድሳ ነበርን፤ ባለ አውቶቡሱ ፓክ ታርሙጂ ጎማዬ አይችልም ብሎ ቀነሰብኝ። ቀኑ ኦገስት 27 ነው ስላልከኝ አውቶቡሱን ለዚያ ቀን ይዣለሁ። ሴቶቹ አንድ ዓይነት የከባያ ልብስ፣ ወንዶቹ አንድ ዓይነት ሸሚዝ እያሰፉ ነው። ቀለሙ የበቀቀን አረንጓዴ ነው፤ ከሩቅ እንድታየን ብዬ እኔ ነኝ የመረጥኩት። ሻዩን ከሻይ ቤቴ እይዛለሁ። በመንገድ የሰው ሻይ ጠጥቶ የልጄ ምረቃ ላይ የሚደርስ ጎረቤት አይኖረኝም።

ራትሚ ትናንት ሰው በሞላበት ሻይ ቤቴ ቁጭ ብላ፣ «እትዬ ካስቱ፣ የኔ ልጅ በአራት ዓመት መምህር ሆኖ ወጣ። ያንቺው ሰባት ዓመቱ ነው። ፎቅ መንደፍ ነው የሚማረው ወይስ ፎቁን ብቻውን እየገነባው ነው?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የሷን ሻይ ስኳሩን ቀነስኩት። ከዚያ ስሟን ከአውቶቡሱ ዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት።

አንድ ነገር ጠይቄህ ሳትመልስልኝ ቀረህ። ሁሉን ነገር ጨርሰሃል?

እናትህ ካስቱራህ

*

ካሊዱሬን መንደር፣ ጁን 14 ቀን

እጅግ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፣

ቀጥሎ የላኩልኝ ካርድም ደርሶኛል። በደብዳቤዬ ፖስታ ላይ ያለው ማኅተም ለምን ዮግያ እንደማይል መጠየቅዎ ተገቢ ነው። እርስዎ ምንም የሚያመልጥዎት ነገር የለም።

ዩኒቨርሲቲዬ ካለበት ከዮግያ ወጥቼ ተራራ ላይ ያለ መንደር ውስጥ ነኝ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ባይጨነቁበት ደስ ይለኛል። ለዲግሪው መቶ ስልሳ ክሬዲት ያስፈልጋል፤ እኔ መቶ ሃምሳ ሰባቱን ጨርሻለሁ። የመጨረሻ ሥራዬ የነበረው ባለ አርባ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ኤ አግኝቷል። የቀሩኝ ሦስት ክሬዲቶች የመንደር አገልግሎት የሚባሉት ናቸው። መሐንዲስም ይሁን አርክቴክት፣ ዲግሪውን የሚፈልግ ሁሉ መንደር ገብቶ፣ ከሰው ጋር ኖሮ፣ የሚጠቅም ነገር ሠርቶ መውጣት አለበት። እኔ በመጀመሪያው ተራዬ ታይፎይድ ያዘኝ። በሁለተኛው የንድፍ ውድድር ነበረብኝ። በሦስተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደንቡ ለግብርና ተማሪዎች ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር።

የመንደሩ ሹም ፓክ ካርሶ ደግ ሰው ናቸው። ሆኖም ከኔ በፊት የመጡት ተማሪዎች በየዓመቱ አንዳንድ የመግቢያ በር ሠርተው ሄደዋል፤ መንደሩ ያለው አንድ መንገድ ነው፤ በሩ ግን አራት ሆኗል። ፓክ ካርሶ በመጣሁ ቀን እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ የፈለግኸውን ሥራ። በር ብቻ እንዳትሠራልን። ፍየሎቻችን ከአንዱ በር ሲወጡ ሌላው ውስጥ እየገቡ ቤታቸው ጠፍቶባቸዋል» አሉኝ።

ስለዚህ ለሕዝብ መገልገያ የሚሆን አንድ ሕንፃ ልሠራላቸው ነው። ስለ አውቶቡሱ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። እርስዎን የሚያከብር፣ ለእርስዎ የሚጸልይ፣ በእርስዎ ዱዓ የሚኖር፣

ልጅዎ ጉሪትኖ

*

ቴጋል፣ ጁላይ 9 ቀን

ኖ ልጄ፣

ትሕትናህ አስፈራኝ። ልጅ ሳለህ እንዲህ የምታከብረኝ ማሰሮ የሰበርክ ዕለት ነበር። ስለዚህ የሰበርከው ማሰሮ ምን ያህል እንደሆነ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

የአባትህን ቱንቢ እንድልክልህ በጠየቅኸኝ መሠረት በሩዝ ጆንያ ጠቅልዬ ሰድጄልሃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። አርባ ሁለት ፎቅ ያለ ቱንቢ ካቆምክ፣ አሁን ምን ብትሠራ ነው የቸገረህ? ክሩን አትቀይረው፤ እሱ እንዳሰረው ነው ያለው። ሞቶ ስድስት ዓመቱ ቢሆንም አሁንም የግንበኛ ልጅ ዕቃውን ሲጠይቅ ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ።

ምግቡ ይስማማሃል? ሽሮፕ የመሰለ ሻይ ነው የሚጠጡት የሚባለው እውነት ነው? ስኳሩን እንዳታማስል። ትንሽ ትንሽ እያልክ ከጠጣኸው ራሱ ይሟሟል፤ ችኮላ ሻይ ያበላሻል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «ለሕዝብ መገልገያ የሚሆን ሕንፃ» ምንድን ነው? ሰው ጠየቀኝ፤ ሆስፒታል ነው አልኩ። ራትሚ አላመነችም። «ተማሪ ሆስፒታል ይሠራል?» አለች። «የኔው ይሠራል» አልኳት። አሁን ሰፈሩ በሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ ሆስፒታሉ ስንት አልጋ አለው?

እናትህ

*

ካሊዱሬን፣ ኦገስት 2 ቀን

እማዬ፣

አልጋ የለውም። ሽንት ቤት ነው።

ባለ አራት ክፍል የጋራ ሽንት ቤት ነው። ግን ቢያዩት! ጣሪያው ሁለት እርከን ነው፤ ነፋሱ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል። ግድግዳው በአባባ ቱንቢ የቆመ ነው፤ የፀጉር ታህል አያዘነብልም። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ውሃው ከምንጩ በቀርከሃ ቦይ ይወርዳል። የመንደሩ ሰው እሑድ እሑድ እየወጣ ጡቡን ተሸከመልኝ፤ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ገብተው አዩት። አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉ።

መከራዬ የመጣው ከማማሩ ነው። ፓክ ካርሶ፣ «እንዲህ ያለ ሕንፃ ዝም ተብሎ አይገባበትም። የአውራጃው አስተዳዳሪ መጥተው ሪባን መቁረጥ አለባቸው» አሉና በሩ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩ፤ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። አስተዳዳሪው ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ሰጡ፤ ሦስቴም ቀሩ። በአውራጃው ውስጥ መቀሳቸውን የሚጠብቅ ሠላሳ አንድ ሪባን አለ አሉ፤ ድልድይና ትምህርት ቤት ይቀድማል። እስከዚያው ሰው በየጠዋቱ ወደ ወንዝ ሲወርድ በሽንት ቤቱ በር ያልፋል፤ ቆም ብሎ ያደንቃል፤ «እጅህ ይባረክ ልጄ» ይለኛል፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ይሄዳል።

አሁን ማሰሮውን ልንገርዎት። ኦገስት 27 ምረቃ የለም። ለዒድ መጥቼ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ሲሉኝ ከአፌ ያመለጠ ቀን ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና መመለሻው ጠፋኝ። ዕድሌ ሆኖ ያንኑ ቀን ኢንጂነር ቦዲሃርጆ የሚባሉ መምህር ቅጽ ይዘው ሥራዬን ሊመረምሩ ከፋኩልቲው ይመጣሉ። የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ፣ «ሕንፃው በመንደሩ አገልግሎት ላይ ውሏል ወይ?» ይላል። አልዋለም ከተባለ ሦስቱ ክሬዲቶች የሉም። ለዲግሪው የሚፈቀደው አሥራ አራት ሴሚስተር ነው፤ የኔ አሥራ አራተኛ ኦገስት 31 ያልቃል። ከዚያ ስሜ ይሰረዛል። ሰባት ዓመት እንዳልተማርኩ ይቆጠራል።

አርባ ሁለት ፎቅ የነደፍኩ ሰውዬ በአራት ሽንት ቤት ልወድቅ ነው። በጣም አፍሬያለሁ፤ በጣምም ፈርቻለሁ። እባክዎ አውቶቡሱን ይመልሱት።

ጉሪትኖ

*

ቴጋል፣ ኦገስት 9 ቀን

ኖ፣

ተቆጥተዋል ወይ ብለህ በቴሌግራም ለጠየቅኸኝ፣ አዎ። ቁጣዬ በቴሌግራም ስለማይላክ በአካል ይዤው እመጣለሁ።

አውቶቡሱን ይመልሱት ትላለህ። አውቶቡስስ ይመለሳል፤ አርባ ሰባት የበቀቀን አረንጓዴ ልብስ ወዴት ይመለሳል? በዚያ ቀለም ሰው ለቅሶ አይሄድበት፣ ገበያ አይወጣበት። ሰፊው ራሱ እየሰፋ ዓይኑን አሞት ነበር። ስለዚህ ለሰው የነገርኩት እንዲህ ነው፦ ምረቃው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እስከዚያ ሄደን የልጄን ሕንፃ እናያለን። ራትሚ፣ «ሆስፒታሉን?» አለችኝ። «ስትደርሺ ታውቂዋለሽ» አልኳት።

ለፓክ ካርሶ አርባ ሰባት እንግዳ እንደሚመጣባቸው ንገራቸው። ፓክ ታርሙጂ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ በግፊ ነው የሚነሣው ስላለ በመንገድ የትም አንቆምም። ፈጅር ሰግደን ወጥተን ለዙህር እንደርሳለን። ሰባት ሰዓት ቁጭ ብሎ መሄድ ስለሚሰለች ሃያ ማንቆርቆሪያ ሻይ አዘጋጅቻለሁ፤ ለሚርበው ደግሞ በሚጥሚጣ የታሸ ጥሬ ማንጎ አለ።

አንተ አትጨነቅ። በደንብ ብላ። አንድ ነገር ብቻ ፈልጌ ነበር፤ ያ ሪባን ጥጥ ነው ወይስ ናይለን?

እናትህ

*

ካሊዱሬን፣ ኦገስት 18 ቀን

እማዬ፣

ናይለን ነው። ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም፤ እንዳይገባኝም እጸልያለሁ።

እባክዎ አይምጡ። ይህች ደብዳቤ ከአውቶቡሱ ቀድማ እንድትደርስ የፖስታ ቤቱን ሰው በእግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆኗል። አርባ ሰባት እንግዳ ይመጣል ስላቸው ፓክ ካርሶ በደስታ አለቀሱ። ተራ ሰዎች ናቸው ብላቸው፣ «እንግዳ ተራ የለውም» አሉኝ። በአራቱ በሮች ላይ አራት ሽማግሌ አቁመው አራት የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አዘጋጅተዋል፤ ትናንት የነፃነት በዓል ስለነበር ሁሉም ተለማምደውበታል፤ አጭሩ ንግግር ሩብ ሰዓት ይወስዳል።

የባሰውን ልንገርዎት። እንግዶቹ የሚያርፉበት አዳራሽ ውስጥ የመንደሩ የጋሜላን ሙዚቃ መሣሪያ ነበር፤ ሃያ ሁለት ቁራጭ ናስና ነሐስ፣ ከዚያ የሁሉም አባት፣ ደወል የመሰለው ትልቁ ጎንግ። ቦታ ለማስለቀቅ ሁሉንም ከሪባኑ ሥር እያሾለኩ ሽንት ቤቴ ውስጥ አስገቧቸው። በመንደሩ የማያፈስና ቁልፍ ያለው ቤት እሱ ብቻ ነው። «ፓክ፣ ሽንት ቤት ውስጥ?» ብዬ ጮኽኩ። ረጋ ብለው፣ «ሪባኑ ሳይቆረጥ ሽንት ቤት አይደለም» አሉኝ። እንደሚያውቁት ጋሜላን ተሻግሮ አይታለፍም፤ ነውር ነው፤ ስለዚህ አሁን እኔ ራሴ ወደ ሠራሁት ቤት መግባት አልችልም። ሐሙስ ማታ ለጎንጉ አበባ አኑረውለታል።

ኢንጂነሩ መጥተው የሚያዩት የተቆለፈ የሙዚቃ መጋዘን ነው። በቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ጥያቄ የለም።

ጉሪትኖ

*

ቴጋል፣ ኦገስት 30 ቀን

ኖ ልጄ፣

በሰላም ገብተናል። ራትሚ ተሽሏት ወይ ላልኸኝ፣ ሰውነቷ ተሽሏታል፤ አፏ ግን ገና ነው። ያቺ ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰችኝ። የፖስታ ቤቱ ሰው እግር ላይ በከንቱ ነው የወደቅኸው።

አንተ ኢንጂነሩን ልትቀበል ወደ መንገዱ ታችኛው ጫፍ ወርደህ ስለነበር በሩ ላይ ምን እንደተደረገ ጠይቀኸኛል። ዝም ልል ነበር። ራትሚ በገበያው የምታወራው ሌላ ስለሆነ ግን የኔን ቃል ጽፌ ልስጥህ፤ ለፋኩልቲውም ምስክርነት ይሆንሃል።

ሰባት ሰዓት ሙሉ አልቆምንም። ሻዩን ጨረስነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሰው ብርጭቆ ጎደል ባለ ቁጥር እየቀዳሁ ነበር። ከአራተኛው ሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ በመጀመሪያው በር አልገባ አለና ወረድን። ወርደን መሮጥ ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ወረቀት ዘርግተው መናገር ጀመሩ። እንግዳ ነንና ቆምን። ሁለተኛው በር ላይ ሌላ ሽማግሌ። ሦስተኛው በር ላይ ራትሚ እንባዋ ወረደ፤ የመንደሩ ሰዎች ንግግሩ ነክቷት መስሏቸው እነሱም አለቀሱ። አራተኛው በር ላይ እኔ የማላስታውሰው ነገር ተናገርኩ።

ፓክ ካርሶን ቁልፉን ለመንኳቸው። «ቡ፣ እናቴ፣ ገና አልተከፈተም። አስተዳዳሪው...» አሉኝ። «አስተዳዳሪው ይምጡና ይህን ሕዝብ ያስተዳድሩ!» አልኩ። ያን ጊዜ ፓክ ካርሶ ራትሚን አዩአት፤ እንግዳ እንዲህ ሆኖ አይተው አያውቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ። መቀስ አልነበረም። ናይለን እንደሆነ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ቢላዋ እይዝ ነበር። በጥርሴ ነው የበጠስኩት፤ አንዱ ጥርሴ እስከ ዛሬ ይነቃነቃል።

ከዚያ ውስጡ ናስ ሞልቶ አገኘነው። ማንም አልተሻገረውም፤ ነውር እንደምናውቅ ጻፍልኝ። አርባ ሰባት ሰው በመስመር ቆመን፣ በሁለት እጅ እየተቀባበልን፣ ለእያንዳንዱ ጎንግ ራሳችንን እየነቀነቅን አወጣነው። ከዚያ በላይ ትዕግሥት በሕይወቴ አላየሁም። ትልቁን ጎንግ ሲያወጡ አንዱ በክርኑ መታውና መንደሩ በሙሉ ሙዚቃ ሊጀመር ነው ብሎ ተሰበሰበ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሰልፉ ገና ሲጀምር ከአንተ ጋር የመጣ አንድ ቀጭን፣ ባለ መነጽር ሰውዬ ነበር። እስክሪብቶ ይዞ በጎን እየተንጠራራ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሁላችንም ቸኩለናል፤ ተራህን ያዝ!» ብዬ ክንዱን ይዤ ከኋላ አሰለፍኩት። ፊትህ ያን ጊዜ ለምን አመድ መሰለ?

እናትህ

*

ዮግያ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን

እማዬ፣

ኢንጂነር ቦዲሃርጆ ነበሩ።

አራት ሰዓት ሙሉ በሞተር ብስክሌት መጥተው ስለነበር ግን፣ ካልተሳሳትኩ፣ ስላሰለፏቸው ቅር አላላቸውም። ቅጹ ዛሬ ከፋኩልቲው ተሰጠኝ፤ የጻፉትን ቃል በቃል ልገልብጥልዎት። ሰባተኛ ጥያቄ፣ ሕንፃው በመንደሩ አገልግሎት ላይ ውሏል ወይ? «አዎ። በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አርባ ሰባት ተጠቃሚ ቆጥሬያለሁ። አርባ ስምንተኛው እኔ ነኝ።» ስምንተኛ ጥያቄ፣ አሠራሩ ጥንካሬ አለው ወይ? «ከታሰበለት በላይ በሆነ ጫና ተፈትኖ ቆሟል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው።» ጉድለት ካለ ይገለጽ በሚለው ላይ፣ «የልብስ መስቀያ የለውም» ብለዋል። በዚያ ምክንያት ያገኘሁት ቢ ነው። ለአርባ ሁለቱ ፎቅ ኤ፣ ለሽንት ቤቱ ቢ።

ፓክ ካርሶ እንዴት ናቸው ላሉኝ፣ መጀመሪያ ሁለት ቀን ታመው ተኙ። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ለአውራጃው፣ «ሕንፃው ከባሕር ዳርቻ በመጡ የክብር እንግዳ ተከፍቷል» ብለው ጻፉ። አስተዳዳሪው አንድ ሪባን ስለቀነሰላቸው በምስጋና መለሱ። አሁን ሰው ወደ ወንዝ መውረድ ትቷል። በበሩ አጠገብ የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊቆም ነው፤ «ይህን ሕንፃ የከፈቱት የተከበሩ ቡ ካስቱራህ ዘቴጋል ናቸው» ይላል። ቀራጩ ገና አልጀመረም፤ የሚጨመር ካለ እንድነግራቸው አዘውኛል።

ምረቃው ኖቬምበር 19 ነው፤ የአሁኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው ያነበብኩት። ለአንድ ተመራቂ የሚሰጠው የመግቢያ ካርድ ሁለት ብቻ ነው። ሁለተኛው ለማን እንደሚሆን እርስዎ ይወስኑ፤ እኔ በዚህ ነገር ውስጥ አልገባም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ወረቀቴን ሲያስተካክሉ የፋኩልቲው ጸሐፊ፣ «ለወላጅህ እኮ ሦስት ክሬዲት እንደጎደለህ ጽፈን ነበር» አሉኝ። መቼ ብላቸው፣ በኤፕሪል አሉ። አውቶቡሱን የያዙት በሜይ ነው። እማዬ፣ ያ ደብዳቤ ደርሶዎት ነበር?

በጁን የጠየቁኝን አሁን ልመልስልዎት። አዎ፣ ሁሉን ጨርሻለሁ። ከመቶ ስልሳ፣ መቶ ስልሳ።

ልጅዎ ጉሪትኖ

*

ቴጋል፣ ኦክቶበር 1 ቀን

ኖ ልጄ፣

ደርሶኝ ነበር።

አንተ ለዒድ መጥተህ እንደተመለስክ ነው የመጣው፤ ሻይ ቤቱን ዘግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ልጽፍልህ ወረቀት አወጣሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ ልጄን አውቀዋለሁ፤ ብቆጣው ሁለት ገጽ ይቅርታ ይጽፍልኛል፤ ባባብለው ደግሞ ጊዜ አለኝ ብሎ ይተኛል። ለራስህ ስትል ተነሥተህ አታውቅም፤ ሰው ፊት ማፈር ግን ነፍስህ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ሄጄ አውቶቡሱን ያዝኩ። አርባ ሰባት ሰው በበቀቀን አረንጓዴ እየመጣበት ቁጭ የሚል ሰው የለም። ይቅርታ ስትለኝ ጥፋቱን አውቀው ነበር፤ ራስህ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት። ስኳር እንዲሁ ነው፤ ካላማሰልከው ራሱ ይሟሟል።

የሽንት ቤቱን ነገር ግን አላሰብኩትም። እሱን አላህና ፓክ ታርሙጂ ናቸው ያደረጉት። ስለ መስቀያው ሰውየው ልክ ነው፤ አንዲት ሴት ጠይቀህ ቢሆን ኤ ታገኝ ነበር።

ስለ ሰሌዳው አስቤበታለሁ። የኔ ስም በእብነ በረድ ሲጻፍ ሳስበው ሳቄ ይመጣና መሀል ላይ ይቆማል። አባትህ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ግድግዳ አቆመ፤ ስሙ የተጻፈበት አንድ ጡብ የለም። ፓክ ካርሶን ለምንልኝ፤ ከስሜ ቀጥሎ «የግንበኛው የዋስጁድ ሚስት» ይበል። ኢንጂነሩ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው ብሏል አይደል? የማን ቱንቢ እንደሆነ ሰው ይወቅ።

የካርዱን ነገር፣ አንዱ የኔ ነው። ለሁለተኛው በብርጭቆ ዕጣ አወጣን፤ የዕቁብ ማኅበራችን ደንብ ነው፤ ማንም አያኮርፍም። አርባ ስድስት ወረቀት ጠቅልዬ አስገባሁ፤ ትንሿ የታርሙጂ የልጅ ልጅ ዓይኗን ተሸፍና አወጣች። ለራትሚ ደረሳት። ደንግጣ፣ «እትዬ ካስቱ፣ እኔማ ምን መብት አለኝ» አለች። «ዕጣ ነው ራትሚ፤ ዕጣ ምን ይደረጋል» አልኳት።

ለአንተ ብቻ ልንገርህ። አርባ ስድስቱም ወረቀት ላይ የተጻፈው ራትሚ ነበር። ለምን እሷ እንዳትለኝ። አርባ አምስቱ አንተን የክብር ልብስ ለብሰህ ቢያዩህ እልል ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ራትሚ ብቻዋን ካየችህ ግን ምሽቱን ሳይነጋ ከቴጋል እስከ ብረበስ ያልሰማ ሰው አይኖርም። ስሟ ከዝርዝሩ አናት ላይ የተጻፈው ለዚሁ ነው።

ሌሎቹ አርባ አምስት ልብሳቸውን ለብሰው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብለው ደጅ ይጠብቁሃል። ስትወጣ በቀለሙ ታውቀናለህ። የማልይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት በቆየሁበት ሥራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ በኖቬምበር 19 ከካስቱራህ እጅ ሻይ የለም።

እናትህ